ፋይሉ ተረፈ፣ ሥራው ግን ጠፋ

ኮምፒውተር ሲበላሽ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በጥገና ቤት በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ዴስክቶፕ ላይ ያለውና ማይ ዶክመንት ብቻ።» ቴክኒሻኑ ሁለቱን ይገለብጣል፣ ሲ ድራይቭን ፎርማት ያደርጋል፣ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። በማግስቱ ማሽኑ ይነሣል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይፈጥናል። ፋይሉ አለ፤ ፎቶውም አለ። ሥራው ግን የለም።

ሥራው እንደሌለ የሚታወቀው ቀስ በቀስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪን አስጭና ስትከፍት የድርጅቷ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ያለበት ቅጽ ጠፍቷል፤ ኪቦርዱም አማርኛ አይጽፍም። ማተሚያው አይገኝም። ብሮውዘሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው የይለፍ ቃል የለም፤ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከማሽኑ በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም። ውጭ የተሰለፈው ባለጉዳይ ይህን ሁሉ አያይም። እሱ የሚሰማው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሲስተም የለም።»

ከ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ወዲህ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ዳታ ማዕከል ብዙ ተወርቷል፤ መወራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ቢሮ ለቀናት የሚቆመው ከእነዚህ በታች ባለና ማንም ስብሰባ በማይጠራለት ጉዳይ ነው። እሱም የፕሮግራሞች ሴቲንግ ነው።

*ሴቲንግ የተጠራቀመ ውሳኔ ነው*

ሴቲንግ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የስክሪኑ ቀለም ወይም የፊደሉ መጠን ነው። እውነቱ ከዚያ ይሰፋል። የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የሒሳብ መደብ ዝርዝር፣ የቫት አሠራሩ፣ የደረሰኙ ቅርጽ ሴቲንግ ነው። ኤክሴል ላይ የተሠራው ማክሮ፣ ዎርድ ውስጥ ለዓመታት የተጨመሩት የሰውና የቦታ ስሞች፣ የኢሜይሉ አካውንትና ፊርማ፣ ስካነሩ ፋይል የሚልክበት ፎልደር፣ የቪዲዮ አርታዒው የቀለም ቅንብር፣ የዲዛይነሩ ብሩሽ ሁሉ ሴቲንግ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ቀን አንድ ሰው አስቦ የወሰነው ውሳኔ ነው። አምስት ዓመት የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ውስጥ የአምስት ዓመት ውሳኔ ተቀምጧል። ያንን በግማሽ ቀን ፎርማት ማጥፋት ይቻላል፤ በግማሽ ቀን መልሶ መሥራት ግን አይቻልም።

ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አብዛኛው ፕሮግራም ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው ስም ባለው ፎልደር ውስጥ አፕዳታ በሚባል ንዑስ ፎልደር ወይም ሬጅስትሪ በሚባለው የመዝገብ ቋት ነው። አፕዳታ ደግሞ ሲፈጠር ጀምሮ ከዓይን የተደበቀ ነው። ፒችትሪም የቀድሞ ስሪቶቹ የድርጅቱን ሒሳብ የሚያስቀምጡት ማይ ዶክመንት ውስጥ ሳይሆን፣ ሰው ካልቀየረው በቀር፣ ሲ ድራይቭ ላይ በራሳቸው ፎልደር ነው። እንግዲህ «ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው ሰው፣ የሚፈለገው ነገር የት እንዳለ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ላላየው ነገር «አያስፈልግም» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ብቻ፣ ወይም የባለቤቱ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። መጠየቅ ያለበት «ምን ይቀመጥ?» ሳይሆን «በዚህ ማሽን በየቀኑ ምን ይሠራል?» ተብሎ ነው።

*አንድ የሴቲንግ ፋይል ምን ያህል ያቆማል?*

ጉዳዩ የትንንሽ ቢሮዎች ብቻ ለሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 (ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.) የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ለደንበኞቹ አንድ ማሻሻያ ላከ። የላከው አዲስ ፕሮግራም አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ምን እንዲከታተል የሚነግር የውቅር ፋይል፣ በአጭሩ የሴቲንግ ፋይል ነበር። ፋይሉ ስሕተት ስለነበረበት ማሽኖች ሰማያዊ ስክሪን እያሳዩ ወደቁ። ማይክሮሶፍት በግምቱ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች መነካታቸውን ገለጸ። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን 7,000 ያህል በረራ ሰረዘ።

ድርጅቱ የተሳሳተውን ፋይል በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ሰብስቧል። ታዲያ ችግሩ ለምን ቀናት ፈጀ? ምክንያቱም የወደቀ ማሽን ማሻሻያ አይቀበልም። በብዙ ቦታ ባለሙያ በአካል ሄዶ፣ ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ፣ አንዷን ፋይል በእጁ መሰረዝ ነበረበት። እዚያ ላይ ሌላ ግድግዳ ተገኘ። ብዙዎቹ ማሽኖች ቢትሎከር በሚባለው የምስጠራ መቆለፊያ ስለተጠበቁ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ጠየቁ። ቁልፉን በኮምፒውተር ብቻ ያስቀመጡ ቢሮዎች ደግሞ ቁልፉ ያለበት ሰርቨር ራሱ ወድቆ አገኙት። የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሆኑ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ስሪት ወዲህ በአዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ራሱን ይቆልፋል፤ የማስመለሻ ቁልፉም የሚላከው ወደዚያ አካውንት ነው። ላፕቶፕ ሲገዛ አካውንቱን የሚከፍተው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሱቁ ልጅ ነው፤ በዚያች ሰዓት በፈጠረው ኢሜይልና ማንም ባልጻፈው የይለፍ ቃል። ማሽኑ እስኪበላሽ ድረስ ይህ ለማንም ጉዳይ አይሆንም። የተበላሸ ዕለት ግን ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ሁሉ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ወደ 11 የሚሻገረው ሰው ስለበዛ፣ ይህ አደጋ ወደ ብዙ ጠረጴዛ እየቀረበ ነው።

*የግዕዝ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው*

አማርኛ የሚጽፉ ቢሮዎች ከሌላው ዓለም የሚብስ አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚተየበው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የእነዚህ ቀደምት ፕሮግራሞች ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። ፊደሉ ማሽኑ ላይ ካለ ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ ከሌለ ግን ያው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

ፎርማት ሲደረግ ፊደሉ አብሮ ይጠፋል። የዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የእድር መዝገብ፣ ያልታተመ መጽሐፍ በፍላሽ ተገልብጦ ተርፎ፣ ሲከፈት የሚያነበው ሰው ያጣል። ያላወቀ ሰው «ቫይረስ በላው» ብሎ ይሰርዘዋል። የተሰረዘው ግን ደኅና ፋይል ነበር፤ የጎደለው አንድ አነስተኛ የፊደል ፋይል ብቻ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ከአገር ቤት የተላከለትን የድሮ ሰነድ ሲከፍት የሚገጥመውም ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አሮጌዎቹን የፊደል ፋይሎችና የፕሮግራሙን መጫኛ ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ማዞር፣ የማይለወጡትን ደግሞ ፊደሉን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ ማስቀረት ነው። ይህን ለማድረግ ግን ማሽኑ በሕይወት እያለ መጀመር ያስፈልጋል።

*«ክላውድ ላይ አለ» ማለት አይበቃም*

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ፈጣን መልስ «ዘመኑ የክላውድ ነው» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ኢሜይል፣ ሰነድና የብሮውዘር ምርጫ በአካውንት ከተያያዘ ማሽን ቢሞትም ይመለሳል። ነገር ግን ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም። እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል፤ እዚህ የተበላሸው እዚያም ተበላሽቶ ይቀመጣል። ፒችትሪን የመሰለ ማሽን ላይ የተጫነ ፕሮግራም ደግሞ ሴቲንጉን በራሱ ወደ ክላውድ አይልክም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ዳታ በሚቆጠርበት ቦታ ሙሉ ማሽንን በኔት መመለስ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅም ያየው ያውቀዋል።

ሁሉን በአንድ ማዕከል መሰብሰብም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025፣ እዚህ ደመራ በሚበራበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል በሊቲየም ባትሪ እሳት ተቃጠለ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን በቢሮ ማሽን ላይ ሳይሆን እዚያ እንዲያስቀምጡ ሲነገራቸው የቆየው ጂ ድራይቭ ከነ858 ቴራባይት ይዘቱ ወደመ። ከውጭ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያትም መጠኑ በጣም ትልቅ ነው የሚል ነበር። ኮሪያ በዲጂታል መንግሥት ከዓለም ፊት ከሚሰለፉት አንዷ ናት። ሀብትም እውቀትም አላት። የጎደለው ሁለተኛው ቅጂ ነበር።

ሁለተኛ ቅጂ አለ ማለት ደግሞ ይመለሳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ባለሙያ በድካም ሰዓት በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የባክአፕና የማባዣ ዘዴ ነበረው። ሲፈተሹ አንዱም በአግባቡ አይሠራም ነበር። ዋናው የሌሊት ባክአፕ በፕሮግራሞች የስሪት አለመመሳሰል ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚነግረው ኢሜይልም በሌላ የሴቲንግ ስሕተት ምክንያት ለማንም አልደረሰም። ያተረፋቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት የወሰደው ቅጂ ነበር። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ አሳትሟል። ከዚያ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው፦ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

*ማሽኑ ሲሞት፣ ከመሞቱም በፊት*

ማሽኑ የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ፎርማትን ማዘግየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ዊንዶውስ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ዲስኩ ወጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ በተጠቃሚው ስም ያለውን ፎልደር ከተደበቀው አፕዳታ ጋር ሙሉ በሙሉ መገልበጥ ይቻላል። የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ እዚህ ላይ ነው የማስመለሻ ቁልፉ የሚያስፈልገው። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞ ነጥብ የሚመለስበት ሲስተም ሪስቶር የበራበት ማሽን ከሆነም ሰነድ ሳይነካ ሴቲንጉን ሊመልስ ይችላል፤ በብዙ ማሽን ላይ ግን ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ፎርማት ሳይደረግ በላዩ ላይ ዊንዶውስ ከተጫነ ደግሞ የቀድሞው ሲስተም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያ በራሱ ይሰረዛል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነና ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን የተሰረዘውን የማግኘት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

የተገለበጠው ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል ማለትም አይደለም። የፋየርፎክስ ፕሮፋይል ፎልደር ሲገለበጥ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። የክሮም ግን ምልክት የተደረገባቸው ገጾች ይመለሳሉ እንጂ የይለፍ ቃሉ ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር የታሰረ ስለሆነ አዲሱ ላይ አይከፈትም። የፒችትሪ ባክአፕ ከተሠራበት በቀደመ ስሪት ላይ አይመለስም። ስለዚህ የፕሮግራሙ ስሪት ቁጥርና የመጫኛ ቁልፉ ካልተጻፈ ባክአፑ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ለመጠበቅ ደግሞ ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደንብ ለትንሽ ቢሮም ይበቃል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይደር። በዚህ ላይ አንድ ወረቀት ይጨመር። ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ፕሮግራም ስምና ስሪት፣ ሴቲንጉ ያለበት ፎልደር፣ የማተሚያው አድራሻ፣ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይልና የማስመለሻ ቁልፉ ይጻፍና ታትሞ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋም፣ ሰርቨር ሲወድቅም ወረቀት ይነበባል።

*ወንበሩ ይፈረምበታል፣ ሴቲንጉስ?*

ወጪ የሚጠይቅ ነገር የለም ማለት አይቻልም። አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዛሬ ባለው ዋጋ ለትንሽ ድርጅት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ወጪው የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? ግብር ማስታወቂያ ጊዜ ሒሳቡ የጠፋበት ነጋዴ የሚከፍለውን ቅጣት፣ ሠራተኛው ደረሰኝ በደረሰኝ እንደገና ሲያስገባ የሚያልፈውን ሳምንት፣ ከሌላ ከተማ መጥቶ «ነገ ይምጡ» የተባለውን ባለጉዳይ ትራንስፖርትና አልጋ የሚያሰላው የለም። የማይሰላ ኪሳራ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት አያያዝን ያውቃል። ወንበር በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ቁጥር ይለጠፍበታል። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ሳይጨርስ አይሄድም፤ ማሽኑን፣ አይጡን፣ ቻርጀሩን ያስረክባል። ማሽኑ ውስጥ ያለውን አሠራር ግን የሚረከበው የለም። የይለፍ ቃሉ፣ ማክሮው፣ ቅጹ፣ የሲስተሙ አገባብ ከሰውየው ጋር ይወጣል፤ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ አብሮ ይቀበራል። አምስት ሺህ ብር የማያወጣ ወንበር ፊርማ ሲኖረው፣ የክፍሉን ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ሴቲንግ ፊርማ የለውም።

ይህን ለማስተካከል አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በርክክብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፦ «የማሽኑ ሴቲንግና የማስመለሻ ቁልፍ ቅጂ ተረክቤአለሁ።» በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ አንድ ማሽን ይመረጥና እንደሞተ ተቆጥሮ በሌላ ማሽን ላይ ሥራው ይመለስ። ከተመለሰ ቢሮው ባክአፕ አለው። ካልተመለሰ ችግሩ ባለጉዳይ ሳይሰለፍ ታወቀ ማለት ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ማሽን መበላሸቱ አይቀርም፤ መብራት ይጠፋል፣ ዲስክ ያረጃል፣ ቡና ይፈስሳል። የተበላሸው ማሽን በሌላ ይተካል። ያልተተካው ግን ውስጡ የነበረው ነው፤ እሱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ ዲስክ፣ አንድ ወረቀትና አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።